የደመወዝ ቀን በአዳማ፦ ከአስቤዛው በፊት የሚነሳው የስልክ ብድር

የጥቅምት ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ አንዲት ትንሽ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሰው ተራ ይዟል። ቀኑ የደመወዝ ነው። ባለሱቁ ጠርዙ የተበላውን የዱቤ ደብተር ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ስም እየፈለገ ይሰርዛል። ነጠላ የደረቡ አንዲት እናት ተራቸው ደረሰ።

«እትዬ፣ ዛሬ ስንቱን ላወራርድ?»

«ሁለት ሺህ ያዝልኝ ወንድሜ» አሉና ስልካቸውን ከፈቱ። የመጣውን መልእክት ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ገብቶ ነበር እኮ፤ ብድሩ ወሰደው።» ባለሱቁ ምንም ሳይናገር አንድ ሊትር ዘይትና ፓስታ አቀበላቸው፤ ከስማቸው ሥርም ሌላ መስመር ጻፈ።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። ዘይቱ በዱቤ ከተገዛ፣ ዱቤው ከደመወዝ የሚከፈል ከሆነ፣ ደመወዙ ደግሞ ቤት ሳይደርስ ለስልክ ብድር ከሄደ፣ እንዲህ ያለ ቤት ዕዳውን ለመክፈል የሚቀንሰው የቱን ወጪ ነው? አዘጋጁ መልሱን ፍለጋ አዳማ ውስጥ ከደመወዝተኞችና ከባለሱቆች ጋር ተነጋገረ፤ ሞጆና መቂም ድረስ ሄዶ ጠየቀ።

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። በ2014 ዓ.ም ክረምት ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድር፣ ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላውን «እንደኪሴ»ንና «ሳንዱቅ» የተባለውን ቁጠባ አስተዋወቀ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ሚቹ»ን ያለ መያዣ ለአነስተኛ ነጋዴዎች አቀረበ። ዳሸን ባንክም ዕቃ ወስዶ ቆይቶ መክፈል የሚያስችለውን «ዱቤ አለ»ን ጨመረ። ለጉልት ነጋዴ፣ ለባጃጅ ሹፌር፣ የቤት ካርታ ለሌለው ደመወዝተኛ ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። ባንክ ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ያለ ዋስና ያለ ደጅ ጥናት ተበድረዋል። የታመመ ልጅ በሌሊት ሐኪም ቤት የደረሰው በዚሁ ብድር እንደሆነ የነገሩን እናቶች አሉ።

ነገር ግን ብድሩ በመጣባቸው ዓመታት ኑሮውም ተወደደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ለዘይት፣ ለመድኃኒትና ለመለዋወጫ የሚወጣው ብር እያደገ ሲሄድ የብዙ ቤተሰብ ገቢ አልተከተለውም። ለድንገተኛ ችግር ታስቦ የተዘጋጀው ብድር የወሩ መጨረሻ መሸጋገሪያ ሆነ።

ይህን መንገድ ሌሎች ቀድመው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያዋ ፍሬስኖ ከተማ 60,000 የብድር ካርዶችን ለነዋሪዎች በፖስታ አደለ፤ ካርዱን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዛሬ ቪዛ የሚባለው ድርጅት ከዚያ ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ቤተሰቦች የክሬዲት ካርድ ዕዳ ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። እኛ ዘንድ ካርዱ በተራ ሰው ኪስ አልገባም፤ ሥራውን የያዘው ስልኩ ነው። በዚህ ረገድ ቅርባችን ያለችው ኬንያ ናት። «ኤም-ሽዋሪ» የተባለው የስልክ ብድር እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ «ፉሊዛ» በ2019 ተከተለ። ብዙ ኬንያውያን በጥቂት መቶ ሽልንግ ዕዳ ስማቸው የማይከፍሉ ሰዎች መዝገብ ውስጥ ገባ። በ2020 የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ከ1,000 ሽልንግ በታች ያለ ዕዳ እንዳይመዘገብ ከለከለ፤ በ2022 ደግሞ ለዲጂታል አበዳሪዎች ደንብ አወጣ።

የእኛም አገር የዕዳ ታሪክ ረጅም ነው። በጥንቱ ሥርዓት ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ከአበዳሪው ጋር ይቆራኝ ነበር፤ ሁለቱ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተያይዘው ጉዳዩ እስኪቋጭ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ይህን አይተው ጽፈዋል። ሥርዓቱ ተበዳሪውን ያዋርዳል፤ አበዳሪውም ግን የባለዕዳውን ረሃብና ድካም በዓይኑ ያይ ነበር። ፍትሐ ነገሥት አራጣን አውግዟል፤ በእስልምናም ወለድ ክልክል ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 በብድር ላይ የሚደረስ የወለድ ስምምነት በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ፤ መጠኑ በጽሑፍ ካልተወሰነ ደግሞ 9 በመቶ ይታሰባል። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 712 አራጣን በእስራት ያስቀጣል። የባንኮች ወለድ በዚህ የ12 በመቶ ጣሪያ ሥር አይወድቅም፤ የሚተዳደረው በብሔራዊ ባንክ ሥርዓት ነው።

በስልክ ብድር ላይ የሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ «የአገልግሎት ክፍያ» ይባላል፤ የሚነገረውም ለአጭር ጊዜ ተሰልቶ ነው። ለምሳሌ 1,000 ብር ለ30 ቀን ወስዶ 80 ብር የሚከፍል ሰው 8 በመቶ ብቻ የከፈለ ይመስለዋል። ያንኑ ብድር በየወሩ ከፍሎ መልሶ ቢወስደው በዓመት 960 ብር ያወጣል፤ 1,000ው ዕዳ ግን እንዳለ ነው።

ይህን ስሌት ለአዘጋጁ ያስረዱት የሱቁ እናት ራሳቸው ናቸው። በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል የሚሠሩ፣ ባለቤታቸው ባጃጅ የሚነዱ፣ የሁለት ልጆች እናት ናቸው፤ ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም። «የመሥሪያ ቤቱን ሒሳብ በሳንቲም ነው የምዘጋው» ይላሉ። «የቤቴን ሒሳብ ግን ዓመት ሙሉ ላየው ፈራሁ። አንድ እሑድ ልጄን ደብተር ስጪኝ አልኳትና ሁሉንም ጻፍኩት።» ከአንዱ የስልክ አበዳሪ 3,000 ብር፣ ከሌላው 2,400 ብር፣ ከባለሱቁ 4,150 ብር፣ ከእህታቸው 5,000 ብር ነበረባቸው፤ በድምሩ 14,550 ብር። ተቆራርጦ እጃቸው የሚገባው ደመወዝ 8,900 ብር ነው።

«ሰው ወጪ ቀንሱ ይለናል። ምኑን? ቅቤ ካቆምን ሁለት ዓመት ሆነን። ጤፉን ከማሽላ ጋር ነው የማስፈጨው። ቡና በየቀኑ ነበር፤ አሁን እሑድ ብቻ ነው የማፈላው። ለፋሲካ ቅርጫ አልገባንም። ባለቤቴ ማታ ባጃጁን አቁሞ በእግሩ ይመጣል። እድርን ግን አልነካም፤ እድር ያቋረጠ ሰው ሬሳው ቤት ሲውል አይቻለሁ።»

ቀጠሉ፦ «በጣም የከበደኝ የልጆቹ ምሳ ነው። እንቁላሉን አውጥቼ ድንች አደረግኩበት። ትንሹ ምንም አላለም። ትልቋ ግን 'እማዬ፣ ዕዳችን ስንት ቀረው?' አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በእሷ ዕድሜ እኔ ዕዳ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።»

በሱቁ ደጃፍ ባየናቸው ቀን ከ8,900 ብራቸው 3,800ው በደቂቃዎች ውስጥ ተነስቷል፤ ሁለቱ የስልክ ብድሮች ቀናቸው አልፎ ነበር። «አሠሪዬ ቢሆን እንዲህ መቁረጥ አይችልም» አሉ፤ ልክ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሕግ አውጪው ይህን ያደረገው ሠራተኛው ባለዕዳ ቢሆንም ወሩን በልቶ መጨረስ እንዳለበት አውቆ ነው። ደመወዙ ከአሠሪው እጅ ወጥቶ ወደ ስልክ ሒሳብ ሲገባ ግን ጥበቃው አብሮት አይሄድም።

ከዕዳው ያወጣቸው ቅቤ መተዋቸው አልነበረም፤ ዕቁብ ነው። አሥራ ሁለት የሥራ ባልደረቦች በወር 1,500 ብር እየጣሉ ለአንድ ሰው 18,000 ብር ይደርሳል። እሳቸው ችግራቸውን ለዕቁቡ ሰብሳቢ ነግረው፣ ዋስ ጠርተው፣ ሁለተኛውን ዕጣ ለመኑ። «ተሸማቅቄ ነበር። ሰብሳቢው 'እህቴ፣ ዕቁብ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?' አለኝ። በዚያው ቀን አራቱንም ከፈልኩ። የተረፈኝ 3,450 ብር ለዩኒፎርምና ለደብተር ሆነ። አሁን ያለብኝ አንድ ዕዳ ነው። ወለድ የለው፣ ቀኑ የታወቀ፣ ለቀሩት አሥር ወራት በየወሩ 1,500 ብር።»

ይህ መንገድ የቆየ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት ከአንድ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ስለ ዕቁብና እድር ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በአገሪቱ የመጀመሪያውን የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋሙ። በእነዚህ ማኅበራት አበዳሪው ተበዳሪውን ያውቀዋል፤ ደመወዙን፣ ልጆቹን፣ ሐዘኑን ያውቃል። ክፍያው ወር በወር እኩል ስለሆነ ቤቱ በሚያውቀው ልክ ይቆጥባል። የአዳማ ፋብሪካዎች፣ ኮሌጆችና ሆቴሎች ሠራተኞች እንዲህ ያለ ማኅበር ቢኖራቸው ብዙዎቹ ወደ ስልኩ ባልሮጡ ነበር።

ባለሱቁም የራሱ ጭንቀት አለበት። «በዱቤ ላይ አልጨምርም፤ ሃይማኖቴም አይፈቅድልኝም» ይላል። «ግን ጅምላ ነጋዴው እጅ በእጅ ነው የሚፈልገው። ስልኩ ከእኔ በፊት ይወስዳል፤ እኔ የምጠብቀው የተረፈውን ነው።» ሰው ዘግይቶ የሚከፍለው ሳይጨምርበት ዝም ብሎ ለሚጠብቀው ነው፤ ቀድሞ የሚከፈለው ግን በጣም ውዱ ብድር ነው።

ወደ ደቡብ ሲወረድ መልኩ ይለያያል። መቂና ባቱ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬዎች ለዘር፣ ለፀረ ተባይና ለፓምፕ ነዳጅ ይበደራሉ። የመቂ ባቱ አትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን አባል የሆነ ገበሬ የሚጠጋበት አለው። ያልሆነው ደላላ ዘንድ ይሄዳል፤ ምርቱም ገና ማሳ ላይ እያለ ዋጋው ይቆረጣል። አንድ የመቂ ገበሬ «ሽንኩርት ሲረክስ ብድሩ አይረክስም» ብለውናል። ሞጆ ውስጥ ያነጋገርናቸው የከባድ መኪና ረዳቶች ደግሞ ደረቅ ወደቡ ላይ ወረፋ ሲረዝም ምግባቸውን በስልክ ብድር እንደሚበሉ ነግረውናል።

አዘጋጁ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አንድ ኃላፊ ጠይቋል። ቀኑ ያለፈ ብድር ሲነሳ ከደመወዝ የሚተርፍ ዝቅተኛ መጠን አለ ወይ? ተበዳሪው የዓመት ዋጋውን አስቀድሞ ያያል ወይ? ኃላፊው በስልክ «በጽሑፍ ላኩ» አሉ፤ ተላከ። ደግሞ ሲደወልላቸው ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ገለጹ። ከዚያ በኋላ ስልካቸውን አላነሱም።

መዘዙ ብዙ ነው። ቀኑን ያሳለፈ ተበዳሪ በብድር መረጃ ማዕከል ይመዘገባል፤ ነገ ለሥራ ማስፋፊያ ሲጠይቅ ያንኑ ይጠየቅበታል። ካነጋገርናቸው መካከል አንዱ አባት ልጃቸውን ከግል ትምህርት ቤት አውጥተዋል፤ አንዲት ወጣት የስልክ ብድሯን ከባሏ ደብቃ ኖራ ሲታወቅ ትዳሯ ሊፈርስ ደርሶ ነበር።

ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን የሚጠብቅ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ መነሻው አለ። በዚያው መንፈስ ሦስት ነገር ሊጨመር ይችላል፦ እያንዳንዱ የስልክ ብድር ከመፈቀዱ በፊት የዓመት ዋጋው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለተበዳሪው እንዲታይ፤ ዕዳ ከመነሳቱ ከቀናት በፊት ማሳሰቢያ እንዲላክ፤ ደመወዝ በገባበት ቀን ከስልክ ወይም ከባንክ ሒሳብ የሚነሳውም አሠሪው እንዳያልፈው ከተከለከለው አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ። የአዳማዋ ሒሳብ ሠራተኛ በዚያ ቀን ይህ ጥበቃ ቢኖራቸው ኖሮ ከ3,800 ብር ይልቅ 3,000 ብር ገደማ ይነሳባቸው ነበር፤ ልዩነቱም የልጆቻቸውን የምሳ እንቁላል ለወሩ ሊገዛ የሚችል ነው።