የፓፕ ስሚር ውጤትና የጥንዶች ጥርጣሬ

የፓፕ ስሚር ውጤቷ "ለውጥ ታይቷል" የሚል ሴት ከካንሰር ፍርሃት እኩል የሚያስጨንቃት "ከማን ያዘኝ?" የሚለው ጥያቄ ነው። ባለትዳር ከሆነች ጥርጣሬው ወደ ቤት ይገባል፤ ባል ሚስቱን ይጠረጥራል፣ ሚስትም ባሏን። ብዙውን ጊዜ ለውጡን ስለሚያመጣው ቫይረስ የሚታወቀው ነገር ግን ማንንም ለመክሰስ አይበቃም።

በግሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ፓፓኒኮላው ስም የሚጠራው ይህ ምርመራ ቫይረስ አይፈልግም። ከማህፀን በር ተጠርገው የተወሰዱ ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መልካቸው ተለውጦ እንደሆነ ብቻ ይናገራል። ተራ ኢንፌክሽንም ሆነ ካረጡ በኋላ የሚመጣ የሕዋሳት መሳሳት ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። ቀላል የሚባለው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕክምና ይጠፋል። ከባድ የሚባለው ግን ካንሰር ባይሆንም ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ከእውነተኛው ለውጥ ጀርባ በአብዛኛው ያለው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ነው። ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን ቫይረሱ የማህፀን በር ካንሰር እንደሚያመጣ በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ከ200 በላይ ዓይነቶች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ 70 በመቶ ለሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር ምክንያት ናቸው። በብልት ላይ ኪንታሮት የሚያወጡት 6 እና 11 ደግሞ ወደ ካንሰር የሚያመሩ አይደሉም።

ለጥንዶች ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ቫይረሱ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹን ሰውነታቸው በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ያሸንፈዋል። በአንዳንዶች ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ተደብቆ ይቆይና ዘግይቶ ይታያል። ጤናማ የመከላከል አቅም ባላት ሴት ለውጡ ካንሰር እስኪሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የታየው ለውጥ ከትዳሩ በፊት ከነበረ ግንኙነት ሊሆን ይችላል፤ መቼ እንደያዛት የሚለይ ምርመራ የለም።

መተላለፊያው የብልት አካባቢ ቆዳ ንክኪ ነው። ኮንዶም የማይሸፍነው ቆዳ ስላለ ስርጭቱን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከላከልም። አብረው የኖሩ ጥንዶች ደግሞ ውጤቱ ሲደርሳቸው ቫይረሱን ቀድመው ተጋርተውት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በውጤቱ ምክንያት ብቻ መኝታ መለየት ትርጉም የለውም። "ባሌም ይመርመር" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ለወንዶች የተዘጋጀ መደበኛ የኤችፒቪ ምርመራ የለም። ኪንታሮት ወይም የማይድን ቁስል ካየ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይኖርበታል።

በአገራችን ብዙ ሴቶች የሚያገኙት ፓፕ ስሚርን ሳይሆን በአሴቲክ አሲድ የሚደረገውን ምርመራ ነው። ነርሷ ወይም አዋላጇ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ፈሳሽ በጥጥ ነክራ የማህፀን በሩን ትቀባለች፣ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፤ ቦታው ነጭ ከሆነ ቅድመ ካንሰር ይጠረጠራል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ስለሆነ ክትትላቸው ቀደም ብሎ መጀመርና መደጋገም አለበት። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች በዘመቻ የሚሰጠው የኤችፒቪ ክትባት አስቀድሞ ይከላከላል እንጂ የገባውን ቫይረስ አያስወጣም።

ቫይረሱን ራሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ የሚታከመው ቅድመ ካንሰሩ ነው። ቦታው በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይቃጠላል፤ አለዚያም ተቆርጦ ይወጣል። በቅዝቃዜ የታከመች ሴት ቁስሉ እስኪድን ለሳምንታት ውሃ መሳይ ፈሳሽ ይወጣታል፤ ለአንድ ወር ያህልም ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መቆጠብ አለባት፤ ያልዳነ ቁስል ለኤችአይቪና ለሌሎች ኢንፌክሽኖች በር ይከፍታልና። ጥርጣሬን ፈርታ ውጤቷን የደበቀች ሚስት ይህን ወር ለባሏ በምን ታስረዳዋለች? ከተቻለ ሁለቱም አብረው ምክሩን እንዲሰሙ ባሏን ከሕክምናው በፊት ወደ ጤና ጣቢያው ይዛው ብትሄድ ይሻላል።