የኋላው ዝቅ ሲል የፊቱ ይቀላል

ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። መንገዱ ከጋሸና ደጋ ተነሥቶ አውሮፕላን ማረፊያው ወደሚገኝበት ወደ ሹምሽሃ ይወርዳል፤ ከዚያም 500 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ከተማ ይደርሳል። በገና በዓል ሰሞን ብዙ ሕዝብ ወደ ላሊበላ በአውቶቡስ ይጓዛል። በአገራችን መንገዶች ከሚታዩት አውቶቡሶች አንዱ ዐይነት «ቅጥቅጥ» ይባላል፤ ይኸውም በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካሉ በአገር ውስጥ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። እንዲህ ዐይነቱ አውቶቡስ አንዳንድ ጊዜ ጭነት ሲበዛበት ጀርባው ዝቅ፣ ፊቱ ቀና ብሎ ይታያል። ይህ የመልክ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪዎችን ሕይወት የሚነካ ጉዳይ ነው። ምክንያቱን እንመልከት።

የአውቶቡሱ ክብደት የሚያርፈው በባሌስትራ ላይ ነው። ባሌስትራ ማለት ተደራርበው የታሠሩ ቀስት መሰል የብረት ቅጠሎች ናቸው። ክብደት ሲያርፍባቸው ይዘረጋሉ፤ ክብደቱ ሲነሣላቸው ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው ይመለሳሉ። ለብዙ ዘመን ያገለገለ ባሌስትራ ግን ብረቱ ስለሚዝል ቅስቱን ያጣል፤ ጀርባውም ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው ምክንያት የጭነቱ ቦታ ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 4 ሜትር ርቀት ያለውን አውቶቡስ እንውሰድ። ከኋላ ጎማዎቹ 2 ሜትር ወደ ኋላ አልፎ 3 ኩንታል እህል ቢጫን፣ በኋላ ጎማዎቹ ላይ የሚጨመረው ክብደት 3 ሳይሆን 4 ኩንታል ተኩል ነው። ትርፉ 1 ኩንታል ተኩል የመጣው ከፊት ጎማዎቹ ላይ ተነሥቶ ነው። ድንጋይ በአጠና እንደሚፈነቅል ሰው ሁሉ፣ ጭነቱ የኋላ ጎማዎቹን መደገፊያ አድርጎ ፊቱን ያነሣል።

አውቶቡሱን የሚመሩት ደግሞ የፊት ጎማዎች ናቸው። ክብደት ሲቀንስባቸው መሬቱን የሚይዙበት ኃይል ይቀንሳል፤ መሪው በሾፌሩ እጅ ይቀላል፤ አውቶቡሱም በኩርባ ላይ እንደሚፈለገው አይታጠፍም። ዳገት ላይ ክብደት ይበልጥ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል ችግሩ ይብሳል። በሌሊትም መብራቱ ሽቅብ ስለሚያበራ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዐይን ያጥበረብራል።

አንዳንዶች መፍትሔው በባሌስትራው ላይ ቅጠል መጨመር ይመስላቸዋል። ነገር ግን የተጨመረው ቅጠል ጀርባውን ከፍ ቢያደርግም ከፊት የተነሣውን ክብደት ወደ ቦታው አይመልስም። ከመጠን በላይ የጠነከረ ባሌስትራ አውቶቡሱ ባዶውን ሲሄድ ጎማውን በጠጠር መንገድ ላይ ያነጥራል። ሾክ አብዞርበርም ንጥረቱን ያበርዳል እንጂ ጭነት አይሸከምም።

ስለሆነም በመጀመሪያ መስተካከል ያለበት የጭነቱ ቦታ ነው። ያው 3 ኩንታል በፊትና በኋላ ጎማዎቹ እኩሌታ ላይ ቢቀመጥ፣ ለፊትም ለኋላም 1 ኩንታል ተኩል ይደርሳል። ቀጥሎ አውቶቡሱን ሜዳ ላይ አቁሞ ከጎማው መካከል እስከ አካሉ ጠርዝ ያለውን ቁመት በግራና በቀኝ መለካት ያስፈልጋል። ቁመቱ ከተገቢው በታች ከሆነ ወይም ግራና ቀኙ ከተበላለጠ ባሌስትራው በባለሙያ መታየት ይኖርበታል።

የላስታ ገበሬ አህያውን ጭኖ ዳገት ከመጀመሩ በፊት ጭነቱን አመዛዝኖ መጫኛውን ያጠብቃል። ጭነቱ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ አህያዋም እህሉም እንደሚጎዱ ያውቃል። አውቶቡስ የሚጭን ሰውም ከመነሣቱ በፊት እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል።