አደጋ ሲደርስ ጠበቃ መያዝ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የገጠር መንገድ በተስፋፋ መጠን ማዳበሪያው በወቅቱ መድረስ፣ ሕመምተኛውም ቶሎ ጤና ጣቢያ መግባት ችሏል። የዚያኑ ያህል ግን ከገበያ ሲመለስ ወይም ከብት ሲያሻግር በመኪና የሚጎዳ ገበሬ አለ። ቤተሰቡ በቅድሚያ የሚመጣው ወደ ገበሬ ማኅበሩ መሪዎች ስለሆነ፣ ጠበቃ ይያዝ ወይስ በሽማግሌ ይለቅ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚጠበቀው ከእነርሱ ነው።

አደጋ በደረሰ ቁጥር ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። ጉዳቱ ቀላል ሆኖ ተጎጂው የዳነ፣ ባለመኪናውም የሕክምናውንና የሥራ መፍታቱን ኪሣራ ያለ ክርክር የከፈለ እንደሆነ በዕርቅ ቢያልቅ ይመረጣል። ለጥብቅና አበል የሚወጣው ገንዘብ ለተጎጂው ይተርፋልና።

በሚከተሉት ሦስት ሁኔታዎች ግን የሕግ ባለሙያ ሳያማክሩ መፈረም አይገባም።

አንደኛ፣ ሰው ሲሞት ወይም አካል ሲጎድል ነው። የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች የመተዳደሪያ ካሣ የመጠየቅ መብት ስላላቸው የቀብር ወጪ ብቻ ተቀብሎ መታረቅ ይጎዳቸዋል። እግሩን ያጣ ገበሬም የቀረበት የአንድ ክረምት እርሻ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ባለመኪናው ጥፋቱን በሾፌሩ ወይም በተጎጂው ሲያላክክ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ባለንብረቱ ራሱ ባያጠፋም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ይሁንና የተጎጂው ጥፋት ካሣውን ሊያስቀንስ ወይም ሊያስቀር ስለሚችል ክርክሩ ዕውቀት ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ የመድን ድርጅቱ አልከፍልም ሲል ወይም ገጭቶ ያመለጠው መኪና ሳይታወቅ ሲቀር ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መኪናው ላልታወቀበት ተጎጂ ካሣ ከመድን ፈንድ የሚከፈልበትን መንገድ አበጅቷል።

በሕግ ፊት የዕርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ የሚቆጠር ነው። ዛሬ በጥቂት ብር ሌላ ጥያቄ የለኝም ብሎ የፈረመ ሰው ነገ ሕመሙ ቢብስበት ተመልሶ ለመጠየቅ እጅግ ይቸግረዋል። ስለዚህ ሐኪም የጉዳቱን መጠን በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ሽማግሌዎች የካሣ ዕርቅ ባያፈራርሙ መልካም ነው። ሽምግልናው ደም ለማድረቅ ይዋል፤ ካሣው በማስረጃ ይወሰን።

በሌላ በኩል ጊዜውም ይቆጠራል። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሣ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ጉዳቱ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው ወንጀል ሲመጣ የተለየ ቢሆንም፣ በዚያ ተማምኖ መዘግየት አይገባም።

የገበሬ ማኅበሩ መሪዎች ከመጀመሪያው ቀን የሚሠሩት አለ። የሰሌዳውን ቁጥር፣ የሾፌሩንና የመድን ድርጅቱን ስም፣ የምስክሮችንም ስም መመዝገብ፤ የትራፊክ ፖሊስ ፕላን እስኪያነሳ ቦታው እንዳይነካካ ማድረግ፤ የሐኪም ማስረጃና የወጪ ደረሰኞች እንዳይጠፉ መምከር ነው።

ጠበቃ ሲያዝ ፈቃዱ ይታይ፤ የአበሉም መጠን በጽሑፍ ውል ይደረግ። አቅም ለሌለው ሰው የትዳር ጓደኛው፣ ልጁ፣ ወንድሙ ወይም ወላጁ በውክልና ሊከራከሩለት ይችላሉ። በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የተቋቋሙ የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አሉ። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ያልቻለ ሰው በድኅነት ክስ እንዲመሠርት ፍርድ ቤቱ ሊፈቅድለት ስለሚችል፣ ለዚሁ የሚያገለግለውን የቀበሌ ማስረጃ ደብዳቤ ሳያጉላሉ መስጠት የመሪዎቹ ፋንታ ነው።