ውሃ ኮረንቲ ይስባል?

ደብረ ታቦር ክረምት ሲገባ እናቶች ልጆቻቸውን «በእርጥብ እጅህ ማብሪያውን እንዳትነካ፤ ውሃ ኮረንቲ ይስባል» ይላሉ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ፍጹም የተጣራ ውሃ ኮረንቲ አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። የሚያስተላልፈው ውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ነው።

ደረቅ ጨው ኮረንቲ አያሳልፍም፤ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው የሶዲየምና የክሎሪን አዮኖች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ቆመዋልና። ውሃ ውስጥ ሲገባ ይለያያሉ። ያን ጊዜ የባትሪ ሁለት ሽቦዎች ቢነከሩበት ሶዲየሙ ወደ ኔጌቲቩ፣ ክሎሪኑ ወደ ፖዘቲቩ ያመራል፤ በውሃው ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ ይኸው የአዮኖች ጉዞ ነው። «ታዲያ የሟሟ ሁሉ ያስተላልፋል» የሚሉም አሉ፤ ስኳር ግን ሟሙቶም ወደ አዮን አይከፈልም፣ ስለዚህ አያስተላልፍም። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ይህን ሐሳብ የጀመረበትን የዶክትሬት ጽሑፍ በ1884 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ መምህራኑ ዝቅ ያለ ውጤት ሰጡት፤ በ1903 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት።

የእርጥብ እጅ አደጋም ከዚሁ ይመጣል። ዝናብ ያረጠበው እጅ የላቡን ጨው ያሟሟል። ሊጥ የነካ እጅ ደግሞ የባሰ ነው፤ የኮመጠጠ ሊጥ አሲድና ማዕድን አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦው የተላጠ ከሆነ ሳይጠገን እንጀራ አይጋገርበት።

«የጉና ተራራ ዝናብ ንጹህ ነው፣ ለባትሪም ይሆናል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከሰማይ ሲወርድ የሟሟበት ነገር ጥቂት ነው። ጉና ግን የከሰመ እሳተ ገሞራ ነው፤ ውሃው በድንጋዩና በአፈሩ አልፎ፣ የርብና የጉማራ ወንዝ ሆኖ ጣና ሐይቅ እስኪገባ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሶዲየም ይዞ ይሄዳል። የምንጭ ውሃ ኩልል ቢልም ያስተላልፋል። ከቆርቆሮ ክዳን የተቀዳውም አቧራና ዚንክ አይጠፋውም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የባትሪው ነገር ነው። መብራት ያልደረሰበት ቤት ልጅ የሚያጠናው በሶላር ባትሪ ከሆነ፣ ባትሪው ያለ ዕድሜው ሲሞት ጥናቱም አብሮ ይቆማል። ክዳኑ ተከፍቶ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲጎድል አንዱ የቧንቧ ውሃ ይጨምርበታል፣ ሌላው «አሲዱ አለቀ» ብሎ አሲድ። የጎደለው ግን፣ ካልፈሰሰ በቀር፣ ውሃው ነው፤ ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተከፍሎ ይወጣል፣ አሲዱ እዚያው ይቀራል። አሲድ ሲደረብበት ውህዱ በርትቶ የእርሳስ ሳህኖቹን ይበላል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ብረትና ክሎራይድ እያስገባ ዕድሜውን ያሳጥራል። የሚጨመረው በሱቅ የሚሸጠው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ ሳህኖቹን ከሸፈነና ከምልክቱ ካላለፈ ይበቃል። የሚወጣው ሃይድሮጅን በእሳት ስለሚፈነዳ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ውሃው ሲታይ ኩራዝም ክብሪትም አይቅረብ።