«ይህ የኔ ግመል አይደለም»

ቢስቲማ ውስጥ ለ31 ዓመታት አንደኛ ደረጃ ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ጡረታ ብወጣም ቀይ እስክሪብቶው ከእጄ አልወጣም። ባለፈው ወር ይኸው የማረም አመሌ ከልጅ ልጄ ጋር ሊያጣላኝ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ናት። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የአኒሜሽን ውድድር መኖሩን ከመምህሯ ሰምታ፣ ቅጹን ይዛ መጣች። ፊልሙ ከ30 ሰከንድ መብለጥ የለበትም፤ ታሪኩም ሥዕሉም የተማሪው የራሱ መሆን አለበት። እኔ አኒሜሽን ሲባል ውድ ኮምፒዩተር ስለመሰለኝ «ልጄ፣ ይሄ ለኛ አይሆንም» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ደብተሯን አወጣችና የገጾቹን ጥግ በአውራ ጣቷ ተርተር አድርጋ ለቀቀቻቸው። በየገጹ ጥግ የሣለቻት ትንሽ ኳስ መሬት ነክታ ነጠረች።

ለካ የአኒሜሽን ምሥጢሩ ይኸው ነው። ጥቂት ጥቂት የሚለያዩ ምስሎች በፍጥነት ሲከታተሉ ዓይናችን እንቅስቃሴ አድርጎ ያያቸዋል። ሲኒማ ቤት በአንድ ሰከንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ። አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ እያሳዩ በ12 ሥዕል የሚሠሩም ብዙ ናቸው። በዚህ ሒሳብ ለ30 ሰከንድ 360 ፎቶ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ታሪኳ አጭር ነው። ከአፋር በኩል ወደ ገበያ የመጣ ግመል ባጃጅ አይቶ ይደነግጣል፤ ባጃጁም ግመሉን አይቶ ይደነግጣል። ግመሉን ከካርቶን ቆርጣ እግሮቹን በክር አያያዘች። የእናቷን ስልክ በሁለት የመጻሕፍት ክምር ላይ አጋድማ፣ ካሜራው ቁልቁል ጠረጴዛውን እንዲያይ አደረገች። ግመሉን በትንሹ ታንቀሳቅሳለች፣ ፎቶ ታነሳለች፤ እንደገና ታንቀሳቅሳለች፣ ታነሳለች። ደመና በመጣና በሄደ ቁጥር የመስኮቱ ብርሃን ስለሚለዋወጥ የመጀመሪያው ፊልም ብልጭ ድርግም የሚል ሆነ። መስኮቱን ጋርደን በአንድ አምፖል ብቻ መሥራት ጀመርን። መብራት የጠፋ ዕለት ሥራም አልነበረም።

እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ግመሉ ነው። እግሮቹ እኩል አይደሉም፤ ሻኛው አንገቱ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው። አንድ ሌሊት እሷ ስትተኛ ቁጭ ብዬ ልኩን የያዘ፣ ያማረ ግመል ቆረጥኩ። የመጀመሪያዎቹን 40 ፎቶዎችም በሱ አነሳሁ።

ጠዋት ዝም ብላ አየችው። «አባባ፣ ያምራል። ግን ይህ የኔ ግመል አይደለም» አለች።

«እንድታሸንፊ ብዬ እኮ ነው!»

ቅጹን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ከታች፣ ከወላጅ ወይም አሳዳጊ ፊርማ በላይ፣ ሥራው የተማሪው መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚል መስመር አለ።

«ይፈርሙበታል?» አለችኝ።

በፈተና ቀን ሲኮርጁ የያዝኳቸው ልጆች እንዴት እንደሚያቀረቅሩ አውቃለሁ። ያን ዕለት እኔ አቀረቀርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1908 ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል የሠራው ፊልም ከቀደምት የሥዕል ፊልሞች አንዱ ነው። 700 ያህል ሥዕሎች አሉት፤ ርዝመቱ ግን ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሰዎቹ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ልጅ የሞነጫጨራቸው ይመስላሉ። በአገራችንም መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የጀመሩት ቤታቸው ውስጥ፣ ከካልሲ በሠሯት የቀጭኔ አሻንጉሊት ነው። ያቺ ቀጭኔ የስንቱን ልጅ ዓይን ይዛለች። እኔ ግን የአንድ ካርቶን ግመል እግር አልበቃ ብሎኝ አረምኩ።

40ዎቹን ፎቶዎች አጠፋናቸው። ከዚያ በኋላ ሥራ ተከፋፈልን። ፎቶ የሚቆጥር፣ ስልኩ ቻርጅ እንዲኖረው የሚጠብቅ፣ ጠረጴዛውን የሚነካ ሰው እንዳይኖር የሚከላከል እኔ ሆንኩ። ስለ ታሪኩ መጠየቅ ይፈቀድልኛል፤ መመለስ ግን አይፈቀድልኝም። «ግመሉ እዚህ ጋ ለምን ቆመ?» ስላት ትንሽ አሰበችና፣ ከመደንገጡ በፊት ጆሮውን እንዲያቆም አደረገች። እኔ ብሆን ይህ አይመጣልኝም ነበር።

ድምፅም ሌላ ጣጣ ነበር። ከስልክ ላይ የታወቀ ዘፈን ልታስገባ ስትል ቅጹን እስከ መጨረሻው አነበብነው፤ የሌላ ሰው ሙዚቃ አይፈቀድም። ስለዚህ የግመሉ ኮቴ የባለቤቴ ሙቀጫ ሆነ። የባጃጁን ጥሩምባ ልጅቷ ራሷ በአፏ ነፋችው።

ኔትወርኩ ስላላስተማመነን ፊልሙን በፍላሽ ይዘን በሐይቅ በኩል ደሴ ሄደን ላክነው። ቅጹ ላይ የፈረምኩት እጄ ሳይንቀጠቀጥ ነው። ውጤቱ ገና አልታወቀም።

እኔ የቆረጥኩት ግመል አሁን መጽሐፌ ውስጥ ዕልባት ሆኗል። ባለፈው እሁድ ባለቤቴ ቡና ስታፈላ የልጅ ልጄ ፊልሙን ለጎረቤት አሳየች። እግሩ እኩል ያልሆነው ግመል ሸንከል ሸንከል እያለ ገበያ ሲገባ፣ አቦሉን የያዙት ሁሉ ስኒያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። እኔ ላርመው የነበረው ያንን አካሄድ ነው።