ሦስቱ የጭስ ማውጫዎች የወደቁ ዕለት

አንባቢ ሆይ፤ ማታ ቤትዎ ገብተው መብራት ሲያበሩ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አስበው ያውቃሉ? አንድ ቀን ይህንኑ ተማሪዎቼን ብጠይቃቸው አንደኛው «ከግድግዳው» ብሎ መለሰልኝ፤ ክፍሉም በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን የብዙዎቻችን መልስ ይኸው መሆኑን ስለማውቅ አልሳቅሁም። ከግድግዳው ጀርባ ሽቦ አለ፤ ከሽቦው ጫፍ መኪና አለ፤ ከመኪናው አጠገብ ሰው አለ፤ ከሰውየውም እግር በታች ባለቤት ያለው መሬት አለ። ዛሬ የማጫውትዎ ይህን ሁሉ አስተሳስሮ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ስለ ተዘጋና ስለ ፈረሰ አንድ የኤሌክትሪክ ኀይል ጣቢያ ነው።

ታኅሣሥ 9 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ዲሴምበር 18 ቀን 2020 ጧት፣ በአሜሪካ አገር በአሪዞና ግዛት፣ ፔጅ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ቁመታቸው 236 ሜትር የሆነ ሦስት የጭስ ማውጫዎች በድማሚት ተመትተው ተራ በተራ ወደቁ። ሊያዩ ከመጡት መካከል የሥራ ዘመናቸውን እዚያው የፈጸሙ ሠራተኞች ነበሩበት። ለአላፊ አግዳሚው ትርኢት ነበር፤ ለእነርሱ ግን የልጆቻቸው እንጀራ ምሰሶ ነበር የወደቀው።

ጣቢያው የናቫሆ ኀይል ማመንጫ ይባል ነበር። ናቫሆዎች ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው፤ የራሳቸው መሬት፣ የራሳቸው ምክር ቤትና አስተዳደር አላቸው። ጣቢያውም የቆመው በእነርሱ መሬት ላይ ነበር። ስለምን እዚያ እንደ ቆመ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1968 የአሜሪካ ምክር ቤት የኮሎራዶን ወንዝ ውሃ ወደ ፊኒክስና ወደ ቱሳን ከተሞች የሚወስድ ቦይ እንዲሠራ ፈቀደ። የቦዩ ርዝመት 541 ኪሎ ሜትር ነው። ችግሩ ግን ውሃው ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ መሄዱ ነበር፤ በመንገዱ ላይ ከ800 ሜትር በላይ ወደ ላይ መገፋት ነበረበት። ለዚህ የሚሆነውን ኀይል ለማግኘት በመጀመሪያ የታሰበው ግራንድ ካንየን በሚባለው ታላቅ ገደል ውስጥ ግድብ መሥራት ነበር። ብዙ ሰው ግን «ይህ ድንቅ የተፈጥሮ ሥራ አይነካም» ብሎ ስለ ተነሣ ሐሳቡ ተተወ፤ በምትኩም የድንጋይ ከሰል ተመረጠ። ገደሉ ዳነ፤ ጭሱ ወደ ናቫሆ ሄደ።

የመሬቱ ኪራይ ውል በ1969 ለ50 ዓመት ተፈረመ። ከ1974 እስከ 1976 ባለው ጊዜ፣ እያንዳንዳቸው 750 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሦስት ክፍሎች ተራ በተራ ሥራ ጀመሩ። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ብላክ ሜሳ ከሚባለው ተራራ ላይ ከሰል ይቆፈራል፤ ስሙ በእኛ ቋንቋ «ጥቁር አምባ» ማለት ነው። ከሰሉ 27 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው፣ ያለማቋረጥ በሚሽከረከር የጎማ ቀበቶ እየተጫነ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ከዚያ ባቡር ተረክቦት 126 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በጣቢያው እንደ ዱቄት ተፈጭቶ በእቶን ይነዳል፤ እሳቱ ውሃውን ያፈላል፤ እንፋሎቱም ተርባይኑን ያሽከረክራል። በዓመት ወደ 8 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ከሰል በዚህ መንገድ ይጠፋ ነበር።

ባቡሩ ራሱ የሚያስደንቅ ነበር። በ1973 ሥራ ሲጀምር በ50,000 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሄድ የመጀመሪያው የዓለም ባቡር ሆነ። ሐዲዱ ከሌላ ከማናቸውም ሐዲድ ጋር አይገናኝም፤ ሥራው ከአምባው ሥር እስከ ጣቢያው፣ ከጣቢያው እስከ አምባው መመላለስ ብቻ ነው። ከሰሉን ያመጣል፤ ከሰሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩም ተመልሶ ባቡሩን ይነዳዋል።

አሁን ልብ የሚነካው ነገር ላይ ደረስን። ከጣቢያው ሠራተኞች ከአሥሩ ዘጠኙ ናቫሆዎች ነበሩ። ጥሩ ደመወዝ አግኝተዋል፤ ልጆቻቸውን አስተምረዋል። ጎረቤቶቻቸው የሆፒ ሕዝቦችም ከአስተዳደራቸው በጀት አብዛኛውን የሚያገኙት ከዚሁ ከሰል ነበር። ነገር ግን ታላላቆቹ ሽቦዎች በራሳቸው ላይ እያለፉ ወደ ሩቅ ከተሞች ሲሄዱ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የናቫሆ ቤቶች ሌሊቱን የሚያሳልፉት ያለ ኤሌክትሪክ ነበር። ጭሱም አብሮ ነበረ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ድኙን ከጭሱ የሚያጣራ መሣሪያ እስኪገባ ድረስ የዚያን የዳነውን ገደል አየር እንኳ ያደበዝዝ ነበር።

ጣቢያውን የዘጋው ግን ጭሱ ብቻ አልነበረም። የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋ ስለ ረከሰ በከሰል የሚመነጨው ኀይል ተወደደ። በ2017 ባለቤቶቹ ኪራዩ ሲያልቅ ጣቢያው እንዲዘጋ ወሰኑ። የመጨረሻው የከሰል ባቡር ኦገስት 26 ቀን 2019 ሄደ፤ ኖቬምበር 18 ቀን ደግሞ ጣቢያው ሥራውን አቆመ። ውሉ ሲፈረም የተወለደ ልጅ በዚያን ጊዜ ፀጉሩ ሸብቷል።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ አፍራሾች መጡ። ብረቱ እየተቆረጠ ተሸጠ፤ ከሐዲዱ በላይ ተዘርግቶ የነበረው ሽቦ ወረደ፤ በመጨረሻም ከሩቅ የሚታዩት የጭስ ማውጫዎች ተደረመሱ። በከሰሉ ቤታቸውን ያሞቁ የነበሩ ቤተሰቦች ለክረምቱ ሌላ ማገዶ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ለሠራተኞቹ ጣቢያውን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት በሌላ ቦታ ሥራ አቀረበላቸው፤ ነገር ግን ሥራው ከቤታቸው ብዙ ሰዓት በመኪና የሚያስሄድ ነበር።

ሆኖም ነገሩ ሁሉ ጨለማ አይደለም። ስለ መዝጊያው በተደረገው አዲስ ስምምነት፣ ናቫሆዎች በዚያው በታላላቆቹ ሽቦዎች እስከ 500 ሜጋዋት ድረስ የራሳቸውን ኀይል የመላክ መብት አገኙ። በካየንታ ከተማ አጠገብ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ጣቢያ አቁመዋል። በዚያው ባቡሩ በቆመበት በ2019 ደግሞ ከሌሎች ከተሞች የመጡ የመብራት ሠራተኞች ምሰሶ ተክለው፣ ሽቦ ስበው፣ ከ200 በላይ የናቫሆ ቤቶችን ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኙ።

አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ ዛሬ ተማሪ ወይም ጀማሪ ጸሓፊ ይሆኑ ይሆናል። ነገ ግን እንዲህ ያለ ውል ረቂቅ ከጠረጴዛዎ ላይ ይቀመጥ ይሆናል። የመሠረት ድንጋዩ የሚጣልበትን ቀን ሁሉም ያነበዋል፤ እርስዎ የመጨረሻውን ገጽ ያንብቡ። ሥራው ሲያልቅ ፍራሹን ማን ያነሣዋል? መሬቱ እንደምን ሆኖ ይመለሳል? የሠራተኛው ልጅ በምን ያድራል? ሽቦው ከበላዩ የሚያልፍበት ጎጆስ መብራት ያገኛል ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚጻፈው ሲፈርስ ሳይሆን ሲሠራ ነው።