ቆጣሪው የማያየው ድካም፦ በኢንተርኔት ጨዋታዎች ውስጥ ያለው የ“ጉዳት ቆጣሪ” ክርክር

በይፋት ቆላ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ በየማሳው ማማ ይቆማል። ከሸዋሮቢት እስከ ጀውሃ ባለው ሜዳ ወንጭፍ የያዘ ጠባቂ ከንጋት እስከ ማታ ማማው ላይ ሆኖ ወፍ ያባርራል። ምርቱ ሲሰበሰብ አጫጁ ያጨደው ይታያል፤ አውድማ ላይ የተወቃውም በኩንታል ይቆጠራል። የወፍ ጠባቂው ድካም ግን በኩንታል አይሰፈርም፤ የእርሱ ሥራ የሚታወቀው ሳይበላ በቀረው እህል ነው። የግሪሳ መንጋ ያረፈበትን ማሳ ያየ አርሶ አደር የዚህን ድካም ዋጋ ጠንቅቆ ያውቃል።

በጋራ በተሠራ ሥራ ውስጥ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በምን ይለካል? ይህ ጥያቄ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሰዎች በሚጫወቷቸው የኢንተርኔት ጨዋታዎች ውስጥም ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። የክርክሩ መነሻ “የጉዳት ቆጣሪ” የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ልጆቻቸው በስልክ ወይም በየከተማው ባሉ የጌም ቤቶች የሚጫወቱ ወላጆች የክርክሩን ፍሬ ነገር ቢያውቁ፣ ልጆቻቸው በጨዋታ ላይ በምን እንደሚደሰቱና በምን እንደሚከፋቸው ለመረዳት ያግዛቸዋል። ሥራው በቁጥር የሚለካበት አርሶ አደርና ሠራተኛም በክርክሩ ውስጥ የራሱን ጥያቄ ያገኛል።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ክርክሩ በይበልጥ የጎለበተው “ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት” በተባለው ጨዋታ ዙሪያ ነው። ጨዋታውን ብሊዛርድ የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2004 ነበር። በየአገሩ ያሉ ተጫዋቾች በኢንተርኔት ይገናኛሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ይጓዛሉ፣ ይነግዳሉ፣ ይዋጋሉ። የጨዋታው ከባድ ክፍል “ሬይድ” ይባላል፤ ዘመቻ እንደ ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊጥለው የማይችለውን ግዙፍ አውሬ ለመጣል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እስከ 40 ሰዎች በአንድነት ይዘምቱ ነበር። ዛሬ በጣም ከባዱ የዘመቻ ደረጃ 20 ሰዎችን ይጠይቃል።

ዘማቾቹ ሥራ ተከፋፍለው ይገባሉ። “ታንክ” የሚባለው እንደ ጋሻ ሆኖ የአውሬውን ምት በራሱ ላይ ይቀበላል። “ሂለር” የሚባለው የቆሰሉትን ይፈውሳል። የቀሩት አጥቂዎች ናቸው፤ ሥራቸውም የአውሬውን ጉልበት ማዳከም ነው። አውሬው ብዙ ጊዜ የጊዜ ገደብ አለው። በተወሰነለት ደቂቃ ካልወደቀ ኃይሉ በርትቶ ዘማቾቹን ሁሉ ይጨርሳል። ስለዚህ የአጥቂዎቹ ፍጥነት የድልና የሽንፈት ጉዳይ ይሆናል።

ቆጣሪው እንዴት ይሠራል?

በውጊያው ወቅት ጨዋታው እያንዳንዱን ክንውን ይመዘግባል፦ ማን ማንን በምን እንደ መታ፣ ምቱ ስንት ነጥብ እንደ ቀነሰ፣ ማን ማንን በስንት ነጥብ እንደ ፈወሰ። ኩባንያው ተጫዋቾች ራሳቸው ትንንሽ ፕሮግራሞችን ጽፈው በጨዋታው ላይ እንዲቀጥሉ በመፍቀዱ “አዶን” የሚባሉ ተቀጥላ ፕሮግራሞች በብዛት ተፈጠሩ። ከእነዚህ መካከል “ሪካውንት”፣ “ስካዳ” እና “ዲቴልስ” የተሰኙት ለዓመታት የውጊያውን መዝገብ እያነበቡ የተጫዋቾችን ስም ከላይ ወደ ታች በደረጃ ሲደረድሩ ቆይተዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ተጫዋች ያደረሰው ጠቅላላ ጉዳት ውጊያው በፈጀው ሰከንድ ይካፈላል። ለምሳሌ አውሬው 36 ሚሊዮን ነጥብ ጉልበት ኖሮት በ6 ደቂቃ፣ ማለትም በ360 ሰከንድ ውስጥ መውደቅ ካለበት፣ ቡድኑ በየሰከንዱ 100 ሺህ ነጥብ መቀነስ ይኖርበታል። አጥቂዎቹ 10 ቢሆኑ የእያንዳንዳቸው ድርሻ በሰከንድ 10 ሺህ ይሆናል። አንዱ 6 ሺህ ብቻ ቢቀንስ፣ የጎደለውን 4 ሺህ ሌሎቹ ዘጠኙ ካልሞሉት ቡድኑ ይሸነፋል። ቆጣሪው ይህ ጉድለት የት እንዳለ በአንድ እይታ ያሳያል።

የደጋፊዎቹ መከራከሪያ

በደቦ ወይም በወንፈል የሚያጭድ ሰው ቢለግም ከጎኑ ያለው ያየዋል፤ ሌሎቹ ወደ ፊት ሲገፉ እርሱ ወደ ኋላ ይቀራል። በኢንተርኔት ዘመቻ ግን 20ዎቹ ሰዎች በ20 የተለያዩ ቤቶች ተቀምጠዋል። የኮምፒውተሩ መስታወትም በብልጭታና በእሳት ስለሚሞላ ማን ምን እንደሠራ በዓይን መለየት ያዳግታል። የቆጣሪ ደጋፊዎች ፕሮግራሙ የጎረቤትን ዓይን ይተካል ይላሉ።

ሁለተኛው መከራከሪያቸው ፍትሕን የተመለከተ ነው። ቁጥር በሌለበት ቡድን ሲሸነፍ ወቀሳው በግምት ይሰጣል፤ በግምት የሚሰጥ ወቀሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በአዲስ ገቢው ወይም ወዳጅ በሌለው ሰው ላይ ነው። መዝገብ ሲኖር ግን ጀማሪውም “የእኔ ድርሻ ይኸውና” ብሎ ራሱን መከላከል ይችላል፤ የቡድኑ መሪ ወዳጅ የሆነውም ልግመኛ መደበቂያ ያጣል።

ሦስተኛው ራስን ማሻሻል ነው። ተጫዋቹ የዛሬውን ውጤት ከትናንቱ ጋር ያነጻጽራል፤ የትኛው ስልት እንደ ጠቀመውና የትኛው ጊዜውን እንዳባከነ ይማራል። ማሳው በሔክታር ስንት ኩንታል እንደ ሰጠ የማያውቅ አርሶ አደር አዲሱ ዘር ከቀድሞው መሻሉን ለመናገር እንደሚቸገር ሁሉ፣ ውጤቱን የማያውቅ ተጫዋችም የተሻለውን ስልት ለመምረጥ ይቸገራል።

የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ

ተቃዋሚዎች ቆጣሪው ይዋሻል አይሉም። የሚሉት፣ ቆጣሪው እውነት የሚናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ሳለ ሰዎች ግን ስለ ሁሉም ነገር እንደ ተናገረ አድርገው ይወስዱታል ነው።

አውሬው አደገኛ አስማት ሊወረውር ሲል ምቱን ያቋረጠው ተጫዋች ሃያውን ሰው ከሞት ያተርፋል፤ በጉዳት ሠንጠረዡ ላይ ግን የሚጨመርለት ነገር የለም ማለት ይቻላል። መሬቱ ሲቃጠል ፈጥኖ የሸሸው አጥቂ ጥቂት ምት ያመልጠዋል፤ ቁጥሩም ይቀንሳል። እሳቱ ውስጥ ቆሞ መምታቱን የቀጠለው በሠንጠረዡ ላይ ከፍ ይላል፤ እርሱን በሕይወት ለማቆየት የደከመው ፈዋሽ ግን በጉዳት ዝርዝሩ ግርጌ ይቀመጣል። በእግር ኳስ ግብ ያገባውን ብቻ ቆጥሮ ተከላካዩንና በረኛውን እንደ መርሳት ነው።

ከዚህም የባሰው፣ ሰዎች ለውጤቱ ሳይሆን ለቆጣሪው መሥራት ሲጀምሩ ነው። አንዳንድ ተጫዋቾች ዋናውን አውሬ ትተው፣ መመታታቸው ለድሉ የማይረባ ትንንሽ ፍጥረታትን በአንድ ጊዜ በመምታት ቁጥራቸውን ያሳብጣሉ። ቁጥሩ ያድጋል፤ አውሬው ግን አይወድቅም።

የሌላውን ሰው ጉልበት የሚጨምር ሰው ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚሁ ጨዋታ ውስጥ ዋና ሥራው ባልደረቦቹን ማበርታት የሆነ አዲስ ሚና ተጨመረ። ይህ ሰው ባልደረባውን ሲያበረታ የባልደረባው ምት ይከብዳል። ጭማሪው ታዲያ የማን ነው? የመታው ወይስ ያበረታው? በመጀመሪያ ቆጣሪዎቹ ጭማሪውን ለመታው ሰው ብቻ ይጽፉ ስለነበር አበርቺው ሰነፍ መስሎ ታየ። ጭማሪው ለባለቤቱ እንዲቆጠር የጨዋታው የውጊያ መዝገብ ራሱ መሻሻል ነበረበት። አንድ ሙሉ ሚና ስለ ተሳሳተ አቆጣጠር ዋጋ ቢስ መስሎ ሊታይ እንደሚችል ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

በመጨረሻም የሰው ክብር አለ። ከውጊያው በኋላ የደረጃ ዝርዝሩን በሁሉም ፊት መለጠፍ፣ ግርጌ ላይ ያለውን መስደብ፣ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ከቡድን ማባረር በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ የታወቀ ችግር ነው። ጀማሪው የሚማርበት ዕድል ሳያገኝ ጨዋታውን ጥሎ ይሄዳል።

የኩባንያዎቹ የተለያየ ምላሽ

ጨዋታ ሠሪዎች ለዚህ ክርክር የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። ብሊዛርድ በ“ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት” ለሃያ ዓመታት ያህል ቆጣሪዎችን ፈቅዶ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን ተቀጥላ ፕሮግራሞች የውጊያ መረጃን እየተነተኑ ተጫዋቹን እንዳይመሩት እንደሚገድብ፣ የራሱን የጉዳት ቆጣሪም በጨዋታው ውስጥ እንደሚያካትት አስታወቀ። ቆጣሪው አልቀረም፤ የሚሠራው አካል ተለወጠ እንጂ።

ስኩዌር ኢኒክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሌላውን መንገድ መረጠ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ መልክ ያወጣው “ፋይናል ፋንታሲ 14” የተሰኘው ጨዋታ ደንብ ማናቸውንም ከውጭ የሚቀጠል ፕሮግራም ይከለክላል። ጨዋታው በፕሌይስቴሽንም ስለሚሠራ፣ ቆጣሪ መጫን የማይችል ተጫዋች በሚችለው መለካቱ ራሱ እኩልነትን ያጎድላል። የጨዋታው ዋና አዘጋጅ ናኦኪ ዮሺዳም ተጫዋቾች እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞችን እንዳይጠቀሙ በተደጋጋሚ አሳስበዋል። ያም ሆኖ በኮምፒውተር ከሚጫወቱት ብዙዎቹ ቆጣሪን በስውር ይጠቀማሉ፤ የሚያስጠይቃቸው በአብዛኛው ቁጥሩን አደባባይ አውጥተው ሌላውን ሲነቅፉበት ነው።

በዚሁ ጨዋታ ውስጥ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ብልሃት አለ። ተጫዋቹ ወደ ከባድ ዘመቻ ከመግባቱ በፊት ብቻውን ሆኖ ከማይንቀሳቀስ አሻንጉሊት ጋር ራሱን ይፈትናል። አሻንጉሊቱን በተወሰነለት ጊዜ ካፈረሰ ለዘመቻው የሚበቃ አቅም አለው ማለት ነው፤ ካላፈረሰም ማንም ሳያየው ተመልሶ ይለማመዳል። በተጨማሪም በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል የተደረገ ዘመቻ ሲያበቃ እያንዳንዱ ተጫዋች ከባልደረቦቹ ለአንዱ ምስጋና መስጠት ይችላል። በቁጥር የማይገባው ደግነትና ትዕግሥት በዚህ መንገድ ይመዘገባል።

“ኦቨርዋች” የተባለው የብሊዛርድ ሌላ ጨዋታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ለተጫዋቹ የሚያሳየው የራሱን ቁጥርና ሜዳሊያ ብቻ ነበር። ተከታዩ “ኦቨርዋች 2” እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ግን የሁሉም ተጫዋቾች ቁጥር የሚታይበት ሠንጠረዥ ይዞ መጣ። ያው ኩባንያ በስድስት ዓመት ውስጥ በአንድ ጨዋታ ላይ አቋሙን መለወጡ የጥያቄውን ክብደት ያሳያል።

ወደ ማሳችን ስንመለስ

በክልላችን በየዓመቱ በበጋ በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። የተሠራው እርከን በሜትር ይለካል፤ የተሰማራው ጉልበት በሰው ቀን ይቆጠራል። ድንጋይ የሚሸከመውና አፈር የሚቆፍረው ድርሻ በዓይን ይታያል። ውሃ ልክ ይዞ የእርከኑን መስመር የሚያወጣው ሰው ግን ውሎውን አንድም ድንጋይ ላያነሣ ይችላል። በሜትር ብቻ ቢለካ ሥራ ፈት ነው። ነገር ግን መስመሩ ከተዛባ የመጀመሪያው የክረምት ጎርፍ እርከኑን ሰብሮ ይሄዳል፤ የተቆጠረው ሜትር ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ይህ ማለት ቁጥር ይቅር ማለት አይደለም። ቁጥር በሌለበት ልግመኛው ይደበቃል፤ ታታሪውም በሐሜት ይጎዳል። ከጨዋታዎቹ የሁለት አሥርት ዓመታት ልምድ የሚገኘው ትምህርት፣ ቆጣሪ ከመጠቀም በፊት ምን እንደሚቆጥርና ምን እንደሚተው፣ እንዲሁም ቁጥሩን ማን እንደሚያየው መወሰን እንደሚገባ ነው። ለባለቤቱ የተነገረ ቁጥር ብዙ ጊዜ ያስተምራል፤ አደባባይ የተለጠፈ ቁጥር ግን ከማስተማሩ በፊት ሊያሳፍር ይችላል።

ለወላጆችም የሚጠቅም ነገር አለው። እንደ ፐብጂ ያሉ የስልክ ጨዋታዎች ግጥሚያው ሲያበቃ ተጫዋቹ ስንት እንደ ጣለና ምን ያህል ጉዳት እንዳደረሰ ያሳያሉ። ልጅ በዚያ ቁጥር ምክንያት ከጓደኞቹ ተለይቶ ቢከፋው ነገሩን “ጨዋታ ነው” ብሎ ከማለፍ ይልቅ፣ በቡድኑ ውስጥ የእርሱ ሥራ ምን እንደ ነበር መጠየቅ ይበጃል። ምናልባት የወደቀ ጓደኛውን ሲያነሣ ወይም ከኋላ ሆኖ ሲጠብቅ ቆይቶ ይሆናል።

እንዲህ ከሆነ ደግሞ ማማው ላይ ቆሞ ስለዋለው የወፍ ጠባቂ ብትነግሩት የሚገባው ልጅ ነው።